ምዕራፍ 7፦ የመቀነት ቋጠሮ

እናቴ ገንዘብ የምትይዘው በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ገበያ ስንወርድ ዘንቢሉን ይዤ እከተላታለሁ። ሽንኩርት ተራ ስንደርስ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ትከራከራለች፤ «ይቅርብኝ» ብላ ሁለት እርምጃ ትሄድና ትመለሳለች። ሲስማሙ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታዋለች። ከውስጡ የሚወጣው አራት አምስት ጊዜ የታጠፈ፣ በላብ የለሰለሰ ብር ነው። ብዙ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ብር ገና ከቤት ሳይወጣ ሥራው ታውቋል። ይቺ ለዘይት፣ ይቺ ለደብተር፣ ይቺ ለዕድር መዋጮ።

አንድ ቅዳሜ ከዚያ ቋጠሮ አዲስ ሸራ ጫማ ተገዛልኝ። ሰፈር እስክንደርስ አላስቻለኝም፤ መንገድ ላይ አድርጌው ሮጥኩ። ገንዘቡ ለራሷ ነጠላ እንዲሆናት ከወራት በፊት ማጠራቀም የጀመረችው እንደነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ጫማውን ብቻ ነበር።

አጭር ልብ ወለድን ማንበብ የዚህን ቋጠሮ አፈታት እንደ መማር ነው። በምዕራፍ 3 ተራኪ ማለት ታሪኩን የሚነግረን ድምፅ እንጂ ደራሲው ራሱ እንዳልሆነ አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ አጭር ልብ ወለድ ከረጅሙ የሚለየው በገጽ ብዛት ብቻ አለመሆኑን፣ ብዙውን ነገር ሳይናገር ትቶ አንባቢው እንዲሞላው እንደሚያደርግ ተነጋግረናል። አሁን ሁለቱን ትምህርቶች ይዘን ወደ አንድ ጉዳይ እንገባለን፦ ድህነት፣ እናትነትና «ይህ የሴት ነው፣ ያ የወንድ ነው» የሚለው የሥራ ክፍፍል በአንድ አጭር ታሪክ ውስጥ እንዴት አብረው ይቋጠራሉ?

በጠባብ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ቀን መቀመጫ የሆነው አልጋ ማታ መኝታ ነው። ሣጥኑ ልብስ ማስቀመጫም ነው፣ ጠረጴዛም ነው፣ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ዴስክም ነው። ቦታ ሲጠብ አንድ ዕቃ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ሰፊ ቤት ውስጥ ግን ለሁሉም የየራሱ ክፍል አለው።

ረጅም ልብ ወለድ ሰፊ ቤት ነው። ስለ ድህነት አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ትዳር ሌላ ምዕራፍ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሦስተኛ ምዕራፍ መስጠት ይችላል። አጭር ልብ ወለድ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጎበዝ ደራሲ አንድ ተራ ዕቃ መርጦ ሁሉንም ያሸክመዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ከራሱ በላይ ትርጉም የተሸከመን ነገር «ትእምርት» ይሉታል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ርግብ ሰላምን እንደምትወክል ሁሉ አንድ ዕቃ አንድ ሐሳብን ብቻ የሚወክል ሊያስመስል ይችላል። እዚህ የምንፈልገው ዕቃ በርካታ ነገሮችን አንድ ላይ አጥብቆ የያዘ ስለሆነ በዚህ ምዕራፍ ቋጠሮ እያልን እንጠራዋለን።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ጥበብ ያውቀዋል። «ሆድ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሆድ ይርበዋል። ሆድ ይባባል። «ሆዴ» ብለን የምንወደውን እንጠራበታለን። ችግሯን ለማንም ሳትነግር የምትኖር ሴት «ሆዷን ችላ» ነው የምትኖረው። ልጅም የሚፀነሰው እዚያው ነው። ረሀብ፣ ፍቅር፣ ዝምታና እናትነት በአንድ ቃል ተቋጥረዋል። ጥሩ አጭር ልብ ወለድ በአንድ ዕቃ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ቋጠሮውን የሚፈቱ ሁለት ጥያቄዎች

ቋጠሮውን ካገኘን በኋላ አፈታቱ ቀላል ነው። ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ዋጋው ስንት ነው? ከፋዩስ ማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ኑሮ ነው። ዋጋ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ፣ እንቅልፍ፣ ጤናም ዋጋ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ሥርዓተ ጾታ ይወስደናል። ሥርዓተ ጾታ ማለት ማኅበረሰቡ «አንቺ ሴት ስለሆንሽ፣ አንተ ወንድ ስለሆንክ» እያለ ሥራን፣ ሥልጣንንና ዕዳን የሚያከፋፍልበት ደንብ ነው። ሱቅ ውስጥ ገንዘቡን የሚሰጠው እጅ ሁልጊዜ እውነተኛው ከፋይ አይደለም። የሸራ ጫማዬን ሂሳብ ለነጋዴው የሰጠችው እናቴ ናት፤ እዚህ እጁና ከፋዩ አንድ ነበሩ። እኔ ግን ጫማውን እንጂ ነጠላውን ስላላየሁ ከፋይ መኖሩንም አላወቅሁም። አጭር ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ይህንን ነጠላ ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች በሦስት ታሪኮች ላይ እንሞክራቸው። ሁለቱ የአሜሪካ፣ አንዱ የሕንድ ነው። የሦስቱም ደራሲዎች ሴቶች ናቸው።

አሥራ አምስት ዶላርና አንድ ጥንድ ስቶኪንግ

ኬት ቾፒን በእ.ኤ.አ. 1850 በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደች። ባሏ በ1882 ሲሞት ስድስት ልጆችና ብዙ ዕዳ ትቶላት ነበር። ጽሑፍ ማሳተም የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። «አንድ ጥንድ የሐር ስቶኪንግ» የተባለው አጭር ታሪኳ በ1897 «ቮግ» መጽሔት ላይ ወጣ።

ታሪኩ በጥቂት ገጾች ያልቃል። ወይዘሮ ሶመርስ የምትባል እናት ያላሰበችው 15 ዶላር እጇ ይገባል። ለእሷ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና በሐሳቧ ትደለድለዋለች። ለጄኒ ጫማ፤ ዶላር ሁለት ዶላር ጨምራ የሚበረክተውን ብትገዛ ይሻላል። ለልጆቹ ሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ፣ ለማግ ሌላ ቀሚስ፣ ለወንዶቹ ቆብ። በድልድሉ ውስጥ የእሷ ስም የለም። ይህቺ ሴት ከማግባቷ በፊት የተሻለ ኑሮ ታውቅ እንደነበር ጎረቤቶቿ ያወራሉ፤ እሷ ግን ያንን ለማስታወስ ጊዜ የላትም።

ገበያ በወጣችበት ቀን ልጆቿን አብልታ፣ ቤቱን አስተካክላ ስትሮጥ ምሳ መብላት ረስታለች። ደክሟት ባንኮኒ ተደግፋ ስትቆም ጓንት ያላጠለቀው እጇ ለስላሳ ነገር ይነካል። የሐር ስቶኪንግ ነው። ከ2 ዶላር ከ50 ወደ 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም ዋጋው ወርዷል። አንድ ጥቁር ጥንድ ትገዛለች። ወደ ሴቶች ማረፊያ ክፍል ገብታ የጥጥ ስቶኪንጓን አውልቃ ሐሩን ታጠልቃለች። ከዚያ ነገሩ በራሱ እግር ይሄዳል፦ ስቶኪንጉን የሚመጥን ጫማ፣ ጫማውን የሚመጥን ጓንት፣ ሁለት ውድ መጽሔቶች፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት፣ ለአስተናጋጁ ጉርሻ፣ ቲያትር። ሲመሽ ወደ ቤት የሚወስዳት ትራም ላይ ተቀምጣ፣ ትራሙ የትም ሳይቆም ለዘላለም እንዲጓዝ ትመኛለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

የመጀመሪያ ጥያቄያችን፦ ስቶኪንጉ ዋጋው ስንት ነው? መለያው ላይ የተጻፈው 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም ነው። ግን አንድ ቀን ሙሉ ለራሷ ለመኖር የተከፈለው ዋጋ የጄኒን ጫማ ያጠቃልላል። ከፋይዋ ጄኒ ናት ብለን ልንቆጣ ይዳዳናል። ቁጣው ከመጣ በኋላ ግን ታሪኩን ደግመን እናንብበው። ይህቺ ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ዓመት ስትከፍል ኖረች? ምሳዋን እንኳ ረስታ የለም ወይ?

አንድ ሌላ ነገርም እናስተውል። «ወይዘሮ» ተብላለች፤ ስሟም የባሏ ስም ነው። ሰውየው ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። ይሙት፣ ይሂድ፣ ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ያንብብ፣ ቾፒን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የልጆቹ ጫማ ሲነሳ አባታቸው የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። እኛም አንባቢዎቹ በመጀመሪያው ንባብ አልጠየቅንም። እሷ ላይ ለመቆጣት የፈጠንነው፣ የልጆች ጫማ የእናት ዕዳ መሆኑን ማንም ሳይነግረን ተቀብለን ስለመጣን ነው። ስቶኪንጉ ይህንን ከእኛው ከአንባቢዎቹ ልብ ውስጥ አውጥቶ ያሳየናል።

ካውያው የሚያውቀው ጊዜ

ቲሊ ኦልሰን የተወለደችው በነብራስካ ነው፤ ወላጆቿ ከሩሲያ የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ። አራት ሴት ልጆች አሳድጋለች፤ ለእንጀራ ያገኘችውን ሥራ ሁሉ ሠርታለች። በ19 ዓመቷ የጀመረችውን ረጅም ልብ ወለድ አቋርጣ ለዓመታት ትታዋለች፤ በ1974 ሳይጠናቀቅ እንዳለ ታትሟል። በ1950ዎቹ ወደ ብዕር ስትመለስ ከጻፈቻቸው አንዱ ዛሬ «እዚህ ቆሜ እተኩሳለሁ» በሚለው ርዕስ የሚታወቀው አጭር ታሪክ ነው። መጀመሪያ በ1956 በሌላ ርዕስ በመጽሔት ላይ ወጣ፤ በ1961 ደግሞ አራት ታሪኮች በያዘው መጽሐፏ ውስጥ ተካተተ።

በታሪኩ የሚሆነው ነገር በአንድ መስመር ይነገራል። አንዲት እናት ልብስ ትተኩሳለች። የ19 ዓመት ልጇን ኤሚሊን በተመለከተ፣ ልጅቷን መርዳት የሚፈልግ ሰው መጥታ እንድታነጋግረው ጠይቋታል። እሷ ካውያውን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋች በልቧ ትመልስለታለች። ታሪኩ ሁሉ ያ መልስ ነው።

የምትነግረን ይህንን ነው። ኤሚሊ ስምንት ወር ሲሆናት አባቷ ጥሏቸው ሄደ። ጊዜው ከ1929 በኋላ የመጣው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፤ መንግሥት ለሥራ አጦች የዕርዳታ ሥራ ገና አልጀመረም። እናት ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ልጇን ምድር ቤት ለምትኖር ጎረቤት ትታ ትሄዳለች። በኋላ ወደ አባቷ ዘመዶች ትልካታለች። ልጅቷ ስትመለስ የውሃ ፈንጣጣ ያጎሳቆላት፣ የማትታወቅ ልጅ ሆናለች። ሕፃናት መዋያ ትገባለች፤ ጠዋት ጠዋት ላለመሄድ ሰበብ ትፈልጋለች እንጂ አትጮህም፣ አታምፅም። ከዚያም ለሚያገግሙ ሕፃናት ወደተዘጋጀ ማቆያ ትላካለች። እናት እንደገና አግብታ ሌሎች ልጆች ስትወልድ ኤሚሊ ታናናሾቿን የምታሳድግ ትንሽ እናት ትሆናለች።

እዚህ ቋጠሮው ካውያው ነው። ዋጋው ስንት ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ በገንዘብ አይሰጥም። ዋጋው ጊዜ ነው። ኦልሰን ይህንን ያሳየችው በሁለት ሰዓቶች ነው፤ ቀስ ብለን ካላነበብን ያመልጡናል።

የመጀመሪያው ሰዓት ኤሚሊ ጡት የምትጠባበት ነው። ያኔ የሕፃናት አስተዳደግ መጻሕፍት እናት ማጥባት ያለባት በተወሰነ ሰዓት ነው ይሉ ነበር። ወጣቷ እናት መጽሐፉን አመነች። ልጇ እያለቀሰች፣ የራሷ ጡት ሞልቶ እያመማት፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቀች። ሁለተኛው ሰዓት ከዓመታት በኋላ ይመጣል። እናትና እንጀራ አባት ማታ ወጣ ሲሉ ኤሚሊ ብቻዋን ትቀራለች። ሲመለሱ በሩ ተከፍቷል፤ ሰዓቱ ወለል ላይ ወድቋል። ልጅቷ ሰዓቱ በጣም ጮኸብኝ ትላለች።

በመጀመሪያው ጊዜ ሰዓቱ እናቲቱን ያዝዛታል። በሁለተኛው ልጅቷ ሰዓቱን ወርውራ ትጥለዋለች። በሁለቱ መካከል ለኤሚሊ መሰጠት የነበረበትና ለሌላ ነገር የተሰጠው ጊዜ ሁሉ አለ፦ ለቅጥር ሥራ፣ ለታናናሾቹ፣ ለልብስ ተኩስ። እናት ልጇን አጥብቃ ትወዳለች። ፍቅር ግን እንደ ሊጥ ነው፤ እስኪቦካ ጊዜ ይፈልጋል፤ ድህነት የነጠቃትም ጊዜዋን ነው።

ከፋዩስ? በዚህ ታሪክ ሁለቱም ይከፍላሉ፤ እናትም ልጅም። የማይከፍል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ስምንተኛው ወር ላይ በሩን ዘግቶ የወጣው። እዚህ ላይ ስለ ተራኪ በምዕራፍ 3 የተማርነው ይጠቅመናል። ድምፁ የእናት ስለሆነ የምንሰማው የእሷን ሂሳብ ነው። ኤሚሊ ብትተርክልን ሂሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። ኦልሰን ይህን ስለምታውቅ እናቲቱ ራሷን ነፃ እንድታወጣ አልፈቀደችላትም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት «ኤሚሊን ስታዪ ፈገግ በዪላት» ብለው እንደመከሯት ራሷ ታነሳለች። ፈገግታ ገንዘብ አያስወጣም። የደከመ ፊት ግን እሱም ያልቅበታል። እናቲቱ ይህን ታውቃለች፤ ለታናናሾቹ የደረሰው ፊት ለመጀመሪያዋ እንዳልደረሰም ታውቃለች።

በመጨረሻ ኤሚሊ ሰውን የማሳቅ ተሰጥኦ እንዳላት እናያለን፤ ትምህርት ቤቷ በተደረገ ውድድር አሸንፋለች። ማታ እየሳቀች ትገባለች፤ እናቷን ዛሬም ካውያ ይዛ ታገኛታለች፤ ቀልዳባት ወደ መኝታዋ ትወጣለች። እናቲቱ የምትመኘው ትልቅ ነገር አይደለም፦ ልጇ ካውያ ፊት እንደተዘረጋ ቀሚስ አቅመ ቢስ አለመሆኗን እንድታውቅ ብቻ። ካውያውና ቀሚሱ እዚህ ላይ ተገናኙ፤ ቋጠሮውም ተፈታ።

የተሸጠ ወተት

ሦስተኛው ታሪክ የማሃስዌታ ዴቪ ነው። በ1926 ዳካ ተወልዳ በ2016 ኮልካታ ያረፈች፣ በቤንጋሊ ቋንቋ የጻፈች ደራሲ ናት። «ስታናዳዪኒ» የተባለው ታሪኳ በጋያትሪ ቻክራቮርቲ ስፒቫክ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ትርጉሙ «ጡት ሰጪዋ» እንደማለት ነው።

የጃሾዳ ባል ካንጋሊቻራን የጣፋጭ ቤት ሠራተኛ ነው። የባለጸጎቹ የሃልዳር ቤተሰብ ልጅ በመኪና እግሮቹን ይጨፈልቃቸዋል። ቤተሰቡ ያለ ገቢ ይቀራል። ጃሾዳ በወጥ ቤት ሥራ ለመቀጠር ወደ ሃልዳሮች ቤት ትሄዳለች፤ እመቤቲቱ የልጅ ልጇን ስታጠባ አይታ ሥራ ትሰጣታለች። ሥራው ማጥባት ነው። የቤቱ ምራቶች ይወልዳሉ፤ ጃሾዳ ታጠባለች። ምራቶቹ ቁመናቸው አይበላሽም፤ የጃሾዳ ቤተሰብም ይበላል። ወተቱ እንዳይደርቅ ግን ጃሾዳ ራሷ ዓመት ከዓመት ማርገዝና መውለድ አለባት። የወለደቻቸው፣ የሞቱትም ተቆጥረው፣ 20 ይደርሳሉ።

እዚህ ቋጠሮው ዕቃ እንኳ አይደለም፤ የሴቲቱ ገላ ነው። የሥራ ክፍፍሉም ይገለበጣል። ሚስት እንጀራ ታመጣለች፤ ባል ቤት ተቀምጦ ያበስላል። በላይ በላዩ ስናየው የሴትና የወንድ ሥራ ተለዋውጧል፤ እኩልነት መጣ ልንል እንችላለን። ከፋዩ ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ግን ምንም እንዳልተለወጠ እናያለን። ሥራዋን የሚወስንላት አሁንም ባሏና እመቤቲቱ ናቸው፤ ገላዋ የእሷ አይደለም። ማን ወጥ እንደሚሠራና ማን ደመወዝ እንደሚያመጣ መቁጠር ብቻውን በቂ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ጃሾዳን ያከብራታል። «እናት» ይላታል፤ ስሟም ክሪሽናን ካሳደገችው ከያሾዳ ጋር አንድ ነው። ክብሩ እውነተኛ ይመስላል፤ ግን የደመወዙን ጉድለት የሚሞላ ሳንቲም ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ዘመን ሲለወጥ፣ እመቤቲቱ ስትሞት፣ ምራቶቹ ብዙ መውለድ ሲተዉ፣ የጃሾዳ ወተት ፈላጊ ያጣል። ወደዚያው ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ትመለሳለች። ከዚያ የጡት ካንሰር ይይዛታል፤ ሆስፒታል ውስጥ ብቻዋን ትሞታለች። ካጠባቻቸው ሁሉ አንድ እንኳ አጠገቧ የለም። ደራሲዋ ታሪኩን ከነፃነት በኋላ ያለችው ሕንድ ምሳሌ አድርጋ ታየው ነበር፦ ሁሉም ይጠባታል፣ ማንም አያስታምማትም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ በተለየ መንገድ ያማል። በእኛ ባህል የጡት ልጅነት ዕድሜ ልክ የሚያስተሳስር ዝምድና ነው። ማር ተቀብቶ ጣት የተጠባለት ሰው እንኳ እናት አባት ይሆናል። ሃልዳሮች ወተቱን ገዙት፤ የተገዛ ነገር ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ዝምድና አያስከትልም። ጃሾዳ የሰጠችው የጡት እናትነት ነው፤ የተቀበሏት እንደ ሸቀጥ ነው። ስህተቱ ያለው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው።

የእናት ጊዜና የታሪክ ርዝመት

አሁን አንድ እርምጃ ወደኋላ ብለን እንጠይቅ፦ እነዚህ ጉዳዮች በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ያህል አምረው የሚታዩት ለምንድን ነው? አንዱ መልስ የጸሐፊዎቹ ኑሮ ነው። ኦልሰን በ1978 ባሳተመችው «ዝምታዎች» በተባለ መጽሐፏ ብዙ ሴቶች ሳይጽፉ የቀሩት ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን ጊዜያቸው ሁልጊዜ በሌላ ሰው ጥሪ የሚቋረጥ ስለሆነ ነው ብላ ተከራክራለች። በ2013 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ካናዳዊቷ አሊስ መንሮም አጭር ልብ ወለድ መጻፍ የያዘችው ልጆች ስታሳድግ ለረጅም ልብ ወለድ የሚሆን ጊዜ ስላልነበራት መሆኑን ተናግራለች። ልጅ እስኪነቃ ድረስ የሚጻፍ ታሪክ አጭር መሆኑ አይገርምም።

ስለዚህ የቅርጹ ጥበትና የኑሮው ጥበት ዘመዳሞች ናቸው። በጥቂት ብር ቤት የምታስተዳድር ሴት የማትጠቅም ብር አታወጣም። በጥቂት ገጽ ታሪክ የምትጽፍ ሴትም የማይጠቅም ዕቃ አታስገባም። ካውያው፣ ስቶኪንጉ፣ ወተቱ እንዲህ የተመረጡ ናቸው።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት

ስለ እናት የተጻፈ ታሪክ ስናነብ ሁላችንም ዳኛ እንሆናለን። ጥሩ እናት ናት ወይስ መጥፎ? ሶመርስ የልጆቿን ጫማ በላች፤ የኤሚሊ እናት ልጇን ለሰው ሰጠች፤ ጃሾዳ ለገንዘብ ወለደች። ፍርዱ ይቀለናል፤ ምክንያቱም ስለ እናት ያለን ሥዕል የማይደክም፣ የማይራብ፣ ለራሱ ምንም የማይፈልግ ፍጡር ነው። ያንን ሥዕል ያላሟላች ሁሉ ጥፋተኛ ትመስለናለች። እናትን ማክበራችን መልካም ነው። ክብሩ ግን የድርሻችንን ላለመክፈል ሰበብ ከሆነ የጃሾዳ ሰፈር ሰዎች ሆነናል ማለት ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ከዚህ ፍርድ ያወጡናል። ዋጋውን ስንቆጥርና ከፋዩን ስንፈልግ ዓይናችን ከእናቲቱ ጠባይ ተነስቶ በዙሪያዋ ወዳሉት ይዞራል፤ ወደሌለው አባት፣ ወዳልመጣው ዕርዳታ፣ ወደ ባለጸጋው ቤት። ይህ የንባብ ስልት ከመጽሐፍ ውጭም ይሠራል። ልጇን ለእናቷ ትታ ቤይሩት ወይም ጅዳ ሄዳ የሰው ልጅ የምታሳድግ እህታችን ከዓረብ አገር የምትልካትን አሻንጉሊት ስናይ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ መለያው ላይ አይገኝም።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ አባቶች እንሄዳለን፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ስለሚጠፉት፣ ስለሚመለሱትና ስለሚቀሩት። እስከዚያው አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንድ አጭር ታሪክ አንሡ፤ እናት ያለችበት ይሁን። በእጇ የያዘችውን ዕቃ ፈልጉ፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁት። ከዚያ መጽሐፉን እጠፉና ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችሁ እናት አቅርቡላት።

እኔ እናቴን ስለ ሸራ ጫማው የጠየቅኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዋጋውን ሳንቲም ሳታጎድል ነገረችኝ፤ የነጋዴውን መልክ፣ ስንት ብር እንዳስቀነሰችው ጭምር ታስታውሳለች። ስለ ነጠላው ግን አንድ ቃል አላነሳችም። እሱን የነገረችኝ አክስቴ ናት።